ያጠቁርሻል ያልሽኝ ቀሚስ

ቡራዩ፣ መጋቢት 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለሚዜዬ፤

ሰላምታዬ ከቡራዩ ተነስቶ፣ አስኮን አልፎ፣ አየር ጤና ላይ ታክሲ ተጋፍቶ ሰበታ ደጃፍሽ ይድረስ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ የሚንቋቋው ነገር ተሻለሽ? የሩታ አባት ጨጓራ እንዴት ሆነ፣ ጾሙ አልከበደውም? ሩታዬስ አዲሱን ቤቷን ለመደችው? እኔን ከጠየቅሽኝ ደህና ነኝ፤ ለወጉ ያህል አይደለም፣ እውነቴን ነው። ጥርሴን ያመኝ ነበር፣ ተነቀለና ተገላገልኩ። ባለቤቴ ነገሳም ካለበት ደህና ነው። ሲፈቀድ እሑድ እሑድ አየዋለሁ። ሥጋው ቀንሷል፣ ቀልዱ ግን እንዳለ ነው። ባለፈው «እዚህ ገብቼ አንድ ነገር ተማርኩ፤ ያላንቺ ልብስ መምረጥ አልችልም» አለኝ። እዚያ የሚመረጥ ልብስ ያለ ይመስል።

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ ተከራያችን ተስፋነሽ ናት። እኅቷ ሰበታ ፋብሪካ ስለምትሠራ ልትጠይቃት ስትመጣ ነው የላክኋት። አብሮ አንድ ፌስታል ታገኛለሽ። እሱን አሁን አትክፈቺው፤ መጀመሪያ እኔን አንብቢኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ስልክ ላይ እኔ ብዙ አወራለሁ፣ አንቺ ደግሞ ኔትወርክ የለም ትያለሽ።

ዛሬ ቁም ሳጥኔን ሙልጭ አድርጌ አልጋው ላይ አውጥቼዋለሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ብታዪ። መቼም ታውቂኛለሽ፣ ልብስ ስነካ ልቤ ይፍታታል። አንዱን አነሳለሁ፣ እስቃለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ ሌላውን አነሳለሁ። ያቺ ብልጭልጭ የተረጨባት ሸሚዝ ለካ አልተጣለችም፤ ለብሻት ስገባ ነገሳ «አምፖሉን አጥፊው፣ እሷ ትበቃናለች» ያለባት። የገዛኋት አንቺ ሳትኖሪ ነው። ሦስቱን ጥያቄ ሳልጠይቅ የገዛሁት ሁሉ መጨረሻው እንደዚያ ነው።

ጥያቄዎቹን አልረሳሻቸውም መቼስ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለን አንዲት ደህና ጉርድ ለሁለት ስንለብስ ያወጣናቸው ናቸው። የት ይዞኝ ይሄዳል? ከማን ጋር ይውላል? ታጥቦስ ምን ይሆናል? ለሦስቱም መልስ ከሌለው፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ መልሰን እንሰቅለው ነበር። የሚሄድበት ቦታ ከሌለው ልብስ ሳይሆን መጋረጃ ነው ትይ ነበር አንቺ። ቤት ካሉት ልብሶች ጋር የማይውል ደግሞ ሌላ ጓደኛ ግዙልኝ እያለ ያስቸግራል። ሲታጠብ የሚለወጠውማ መጀመሪያውኑ ዋሽቶናል።

እኛ ግን አንዋሽም ነበር። በሌላ በሌላው ዋሽተሽኛል፣ እኔም ዋሽቼሻለሁ፣ ስንቱ ይወራል። በልብስ ግን አንድ ቀን ተዋሽተን አናውቅም። የሠርጌ ዕለት ሽማግሌው ተቀምጦ፣ መኪናው ደጅ ቆሞ፣ «ይህን ጫማ አድርጋ ከዚህ ቤት አትወጣም፣ እግሯን የዳክዬ አስመሰለው» ብለሽ የራስሽን አውልቀሽ አጠለቅሽልኝ። ያንቺ ጠበበኝና ቀኑን ሙሉ ሳነክስ ዋልኩ። ፎቶው ላይ ግን እግሬን ስታዪው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ ሚዜ ማለት ይኸው ነው፤ ደስ የማይለውን እውነት ነግራሽ ጫማዋን የምታወልቅልሽ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ነገሳን ታኅሣሥ ላይ ከወሰዱት በኋላ ቤቴን ሰው ራቀው። አልፈረድኩም። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት ነው አንድ ቀን ዝግ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ሱቅ ተከፈተ ሲባል ነው ሮጠን ጨው የምንገዛው። ጎረቤቱ በአጥር ቀዳዳ ነበር እንዴት አደርሽ የሚለኝ። አንቺም አልመጣሽም፤ መንገዱ ነው አልኩ። ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ሲባል፣ እንግዲያው ነገሳም ይመጣል ብዬ ቤቱን ሳጥብ ዋልኩ። አልመጣም። በዚያው ሰሞን ነው የደወልሽው። ድምፅሽን ስሰማ ስልኩን ይዤ ግቢው ውስጥ ዞርኩ፣ ተስፋነሽ ምስክሬ ናት።

ነይና ጨርቅ ምረጪልኝ አልሽ። የመሥሪያ ቤታችን ሴቶች ለማርች ስምንት አንድ ዓይነት ልንለብስ ነው፣ ካንቺ ዓይን ሌላ አላምንም አልሽ። የሩታን ሠርግ ስጠይቅሽ፣ በዚህ ረብሻ ምን ሠርግ አለ፣ ከፋሲካ ወዲያ ተገፍቷል አልሽኝ። እኔም አመንኩ። ጨርቅ ምረጪ ብላ የጠራችኝ ሚዜዬ ናት፣ ምን ብዬ ልጠርጥር?

ራቢአ ሱቅ ያሳለፍነው ጠዋት እስካሁን ያስቀኛል። ጣቃውን ሁሉ ስናስወርዳት «እናንተ ጨርቅ ልትገዙ ነው ወይስ ልትድሩት?» አለችን። እኔ በጡጫዬ ጨምድጄ ለቀቅኩት፣ መጨማደዱን አየሁ። አውራ ጣቴን በምራቄ አርሼ አሸሁት፣ ቀለም እንዳይለቅ። ክር መዝዤ ክብሪት ስለኩስበት ራቢአ «ውጭ ያለው ጭስ አልበቃ ብሎሽ ሱቄን ልታቃጥይው» ብላ ውኃ አመጣች። ክሩ እንደ ላስቲክ አልተንጠባጠበም፣ አመድ ሆኖ ብን አለ። ይተነፍሳል ማለት ነው አልኩሽ። ከዚያ ደጅ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ያ የወይራ ቅጠል የመሰለ ቀለም። ነፋስ የወይራ ቅጠል ሲገለብጥ ከሥር ብርማ ነገር ብልጭ እንደሚለው፣ እሱም እጥፋቱ ላይ ብልጭ ይል ነበር። ሥራ ቦታ ይኬድበታል፣ ለቅሶም ደስታም ይሆናል፣ ከነጭ ነጠላም ከጥቁር ጫማም ይውላል። ሦስቱንም ጥያቄ አለፈ።

ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ መስታወት ፊት ቆምኩና ለእኔም ይቆረጥልኝ አልኩ። ነገሳን ልጠይቅበት ነበር ያሰብኩት። አንቺ ከኋላዬ ቆመሽ ጨርቁን ከትከሻዬ ላይ ቀስ ብለሽ አንስተሽ «ተይው እኅቴ፣ አንቺን ያጠቁርሻል» አልሽኝ።

መስታወቱ ሌላ ነገር ነበር የሚነግረኝ። ግን በመስታወቱና ባንቺ መካከል ከሆነ እኔ መቼ መስታወት አምኜ አውቃለሁ? ተውኩት።

እጄ ግን አልተወውም። ቤት ገብቼ ሽንኩርት ስከትፍ ያ ጨርቅ ነው፣ ልተኛ ስል ያ ጨርቅ ነው። መጨረሻ ላይ፣ ብጠቁርስ፣ ነገሳ መች በጥቁረቴ ተጣልቶኝ ያውቃል ብዬ ሰበታ ተመልሼ ሄድኩ፤ ላንቺም አልነገርኩሽም፣ አፈርኩ። ራቢአ ከጣቃው የተረፈውን ስትለካልኝ «የቀረችው እኅት አንቺ ነበርሽ?» አለችኝ። የመሥሪያ ቤታችሁ ሰው መሰልኳት ብዬ ሳቅኩ። እዚህ ቡራዩ ተድላ ሰፋልኝ። ገበር አስገባ፣ እጅጌውን ረዘም አድርግ፣ ወገቡን እንዳታጠብ እያልኩ ስነዘንዘው፣ እንደዚህ አድርጎ ምኒስትር እንኳ አላስቸገረኝም አለ። ስለካው ግን እሱም ሜትሩን አስቀምጦ አየኝ። አያጠቁርም፣ ሚዜዬ። ፊቴን አበራው እንጂ አላጠቆረውም።

የካቲት ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ለነገሳ ለብሼው ወጣሁ። በሩ ጋ ስንደርስ ዛሬ ጥየቃ የለም ተባልን። ለምን እንደሆነ አልተነገረንም። ምግቡን ብቻ ተቀበሉን። ለብሼ ወጥቼ፣ ሳይታይ ተመልሼ ላውልቀው አልሆንልኝ አለ። ሰበታ ሄጄ ላሳያት፣ ታዲያ የቱ ጋ ነው ያጠቆረኝ ልበላትና እንሳቅ ብዬ ታክሲ ያዝኩ። መንገድ ላይ ወርደን ስንፈተሽ አንዱ ልጅ እግር ወታደር ከላይ እስከ ታች አየኝና «ሠርግ ነው መሰል፣ እናቴ» አለኝ። ኧረ እኔ ምን ሠርግ አለኝ ብዬ ሳቅኩለት።

በርሽ ጋ ስደርስ ድንኳን ተጥሏል። ልቤ ክፉ ነው ያሰበው፤ የሩታ አባት ሞተ ብዬ ነጠላዬን ላዘቀዝቅ ነበር። ከዚያ ጭብጨባውን ሰማሁ። በር ላይ እንግዳ የሚቀበሉት ሽማግሌ ገና ሲያዩኝ ፊታቸው ፈካ፤ «ባጋ ነጋን ዱፍቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ነይ ግቢ፣ የሙሽሪት እናቶች በዚህ በኩል ናችሁ» ብለው ክንዴን ይዘው አስገቡኝ። እንዴት አወቁኝ እያልኩ ገባሁ። ገብቼ ቀና ስል ሴቱ ሁሉ የወይራ ቅጠል ለብሷል።

አንቺ ታውቂዋለሽ፣ በእኛ ዘንድ ካርድ የሚላከው ለሩቅ ሰው ነው። የቅርብ ሰው የሚጠራው በጨርቅ ነው። ጨርቁ ሲደርስሽ ተጠርተሻል፣ ካልደረሰሽ አልተጠራሽም፣ ሌላ ቃል አያስፈልገውም። እኔ መጥሪያውን በገዛ እጄ መርጬ፣ አሽቼ፣ አቃጥዬ ፈትኜ፣ ለሁሉም አዳርሼ፣ ለራሴ ሳይደርሰኝ ቀርቶ ሰርቄ የለበስኩ ሰው ሆንኩ። ማንም ሊያስወጣኝም አልቻለም፤ ቀሚሱ አስገብቶኛል። እኅትሽ ውብአየሁ አይታኝ ጭልፋዋን ይዛ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ሳህን አቀበለችኝ። ምን ላድርግ፣ በላሁ። ዶሮው ጥሩ ነበር፤ ጨው ትንሽ አንሶታል።

ሾልኬ ልወጣ ስል ሩታ አየችኝ። ልጅቷ ምንም እንዳልነገርሻት ያን ጊዜ ገባኝ። «እትዬ መጣችልኝ፣ መንገድ ተዘግቶባት ነው የምትቀረው ብላኝ ነበር እኮ እማዬ» እያለች ቬሏን እየጎተተች መጥታ አቀፈችኝና ለፎቶ መሐል አቆመችኝ። በአንድ በኩል እሷ፣ በአንድ በኩል አንቺ። የሙሽራው እናት ጎንበስ ብለው፣ እኚህ ደግሞ ማናቸው ብለው ሲጠይቁሽ ትከሻሽ ትከሻዬን ነክቶት ነበር። «ጨርቁን የመረጠችልን ሴት ናት» አልሻቸው።

ዋሽተሻል አልልሽም። እንዲህ ያለ እውነት ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ጓዳ አስገብተሽኝ በቢራ ሳጥኖቹ መሐል አለቀስሽ። የልጄ ቀን ነው አልሽ። አማቷ ሹመታቸው ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው፣ በዚህ ጊዜ የታሰረ ሰው ሚስት ከጎናቸው ማስቀመጥ አልቻልኩም አልሽ። ተረድቼሻለሁ አልኩሽ። እውነቴንም ነበር። እንባሽን በቀሚሴ እጅጌ ጠረግኩልሽ፤ አንድ ዓይነት ስለሆነ ያንቺ ይሁን የእኔ አይታወቅም ነበር። ልወጣ ስል አንገቴን አቅፈሽ «ምነው ያን ኮት ባታለብሺው ኖሮ» አልሽ።

እኔም እሺ እሺ ብዬ በጓሮ ወጣሁ። ቃልሽ የደረሰኝ ታክሲው ውስጥ ነው፣ ዓለም ገና ስንደርስ።

እስቲ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ለነገሳም አልነገርኩት፣ ለእናቱም አልነገርኩ። ታኅሣሥ ላይ ሰዎቹ የመጡ ዕለት እሱ ጓሮ እጁን ይታጠብ ነበር። መጽሐፍ መደርደሪያውን አላዩትም። የተማሪ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል፣ አልነኩትም። በቀጥታ ቁም ሳጥኑን ከፈቱ። ልብሱን አንድ በአንድ ሲገፉ ሲገፉ ያን ግራጫ ኮት አወጡት፤ ክርኑ ላይ የተሰፋችውን ቡናማ ቆዳ አዩና፣ ይህ የማነው አሉኝ። እኔም ሞኟ፣ ኮቱ ዓይን የገባላቸው መሰለኝና፣ የባለቤቴ ነው፣ እኔ ነኝ የመረጥኩለት አልኩ። በኋላ ስሰማ ሰፈራችን ያሉትን መምህራን ቁም ሳጥን ሁሉ ሲከፍቱ ነው የዋሉት። ስም አልያዙም ነበር። የያዙት ኮት ነው።

ያን ኮት ከሰልባጅ ተራ አብረን ነው ያገኘነው። አንቺ ነሽ ከክምሩ ሥር ጎትተሽ ያወጣሽው። ነገሳ ለክፍል አልለብሰውም፣ ጠመኔ ይበላዋል ብሎ ለክብር ቀን ሰቀለው። ከቤት ወጥቶ የለበሰው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ኅዳር ላይ፣ የሩታ ሽምግልና አልቆ ሁለቱ ቤተሰብ በተዋወቀበት ማታ፣ አንቺ ቤት። የሙሽራው አባት፣ ያን ማታ ባለቤታቸው አልመጡም፣ ስለ አዲሱ የማስተር ፕላን ካርታ ሲያወሩ፣ ነገሳ «እኔ ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው፣ ሱሉልታ ያለው የአጎቴ ቤት ካርታው ላይ የለም፤ አጎቴ ግን ቤቱ ውስጥ አለ» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። አንቺም ሳቅሽ። እኔ ደግሞ ኮቱ ትከሻው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ነበር የማየው።

ኮቱን ፍለጋ እንደመጡ ለማንም አልተናገርኩም፤ አንቺ ግን አውቀሽዋል። እኔ ምንም አላልኩሽም። ሰው ሲጠይቅሽ ጭንቅ ይልሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ያ ሰው ማነው ቢሉሽ፣ ስሙን መጥራት ከብዶሽ፣ ምን እንደምትይ ደግሞ ካሜራው ፊት ቆሜ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ስም ካልጠራሽ ሰው ያዳንሽ ይመስልሻል።

አሁን ፌስታሉን ክፈቺው። ኮቱ ነው። አጥቤ ተኩሼዋለሁ፣ የላላችውንም ቁልፍ አጥብቄያታለሁ። ለነገሳ እንዳልወስድለት እሱ ያለበት በር ላይ ገበር ያለው አይገባም። አሁን ልብስ ስገዛለት ጥያቄዬ ሌላ ሆኗል፤ ገመድ አለው ወይ፣ ኪሱ ይበዛል ወይ፣ ሲገለብጡት ስፌቱ ይችላል ወይ። ባለፈው አንድ ሹራብ ስመርጥለት ሻጩ ልጅ፣ እናቴ ለስንት ዓመት ልጅ ነው ብሎ ሳቀብኝ፤ እጅጌውን እየጎተትኩ ስፈትሽበት። አየሽ፣ አሁንም ልብስ ስመርጥ ደስ ይለኛል፤ ያን አልወሰዱብኝም። ዛሬ ከቁም ሳጥኔ ያስወጣሁት ግን ይህን ብቻ ነው። ስከፍተው ቀድሞ የሚያየኝ እሱ እየሆነ አስቸገረኝ። ከማን ጋር እንደዋለ ታውቂያለሽ። የት ይዞት እንደሄደ ሁለታችንም አውቀናል። ታጥቦ ምን እንደሚሆን ብቻ ነው ያልገባኝ፤ እሱን አንቺ እዪው።

ቀሚሱን ግን አልሰጥሽም። ባለፈው እሑድ ጥየቃ ተፈቅዶ ለብሼው ሄድኩ። ነገሳ ከሽቦው ማዶ ሆኖ ትንሽ አየኝ፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ ከዚያ እንደገና አየኝ። «ይህ ቀለም እስከዛሬ የት ነበር?» አለኝ። ያጠቁርሻል ተብዬ ትቼው ነበር አልኩት። «ማነው እንደዚያ ያለሽ?» አለ።

አንዲት ሻጭ ናት አልኩት። ስምሽን አልጠራሁም።

ሩታን በልጅ በልጅ ያድርግልሽ። ጉልበትሽን ምሮ ደረጃውን ያቅልልሽ። ማታ በርሽን ስትዘጊ የምትጠብቂው ሰው ሁሉ ውስጥ ይሁንልሽ፤ የእኔን ደጅ ያንኳኳ ያንቺን አያንኳኳው። ተስፋነሽን እህል ሳታቀምሻት እንዳትመልሻት፣ አደራ።

በጫማሽ የተዳረችው፣
ሚዜሽ